በፉጨት ስም የሚጠራሩ

ቆፍጣናውና ታናሽ ወንድሙ ከአሥር ዓመት በላይ ጎን ለጎን ቆመው ዓሣ ሲያጠምዱ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም። ይህን የማያውቅ መንገደኛ ቢያያቸው እንዴት የሚዋደዱ ወንድማማቾች ናቸው ብሎ ያልፍ ነበር። ሁለቱም እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው፣ መረባቸውን ትከሻቸው ላይ አጣጥፈው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። አንዱ ሲያስል ሌላው ዞር አይልም። በመካከላቸው ያለው ጥቂት ክንድ ውኃ ብቻ ነው።

ቦታው የአባታቸው ነበር። ባሕሩ በጠባብ ሰርጥ ወደ መሬት ይገባና ሰፋ ብሎ ይተኛል። ሰርጡ አፍ ላይ በአንድ በኩል የድንጋይ ግድብ፣ በሌላው በኩል የዓሣ ገበያው አለ። አጥማጆቹ እዚያ በሰልፍ ይቆማሉ፤ ዶልፊኖቹ ደግሞ ከጥልቁ በኩል ዓሣውን እየነዱ ያመጡላቸዋል። ውኃው ድፍርስ ስለሆነ ዓሣው የት እንዳለ ለሰው አይታየውም። ዶልፊኗ ግን ታውቃለች። መንጋውን አጥማጆቹ ፊት ስታደርሰው ጀርባዋን አጉብጣ ጭንቅላቷን ውኃው ላይ ጧ ታደርጋለች። ወርውር ማለቷ ነው። መረቡ ሲያርፍ መንጋው ይበተናል፤ ደንግጦ የተነጠለውን ዓሣ እሷ ትለቅማለች፣ መረብ ውስጥ የቀረው የሰው ነው። ይህን ማን ለማን እንዳስተማረው የሚያውቅ የለም። አባት ለልጁ ያሳያል፤ ዶልፊኗም ለልጇ።

ቆፍጣናው የሚለውን ስም ያወጡለት አጥማጆቹ ናቸው። ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ጥርሱ የማይታይ፣ አንዴ ካለ አለ የሚል ሰው ነው። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተ ነው ይሉ ነበር። ታናሽየውን ደግሞ ፍልቅልቁ ይሉታል። እሱ ሲናገርም ይስቃል፣ ሲናገሩትም ይስቃል። አንዳንዴ የሚሳቅበት ነገር ሳይኖርም ይስቃል፤ ያኔ ማንም ነገሬ ያለው አልነበረም።

የተጣሉት አንድ ጠዋት ነው። አንዲት ዶልፊን ግልገሏን ከጎኗ አድርጋ መንጋውን ልክ በሁለቱ መካከል አመጣችና ምልክቱን ሰጠች። ሁለቱም መረባቸውን አነሡ። በዚህ መሀል ቆፍጣናው ግልገሏ ከእናቷ ጎን ሾልካ መረቡ በሚያርፍበት በኩል ስትመጣ አየ። የራሱን መረብ ገታ አድርጎ፣ "ተው! ተው እንዳትወረውር!" ብሎ ጮኸ።

ፍልቅልቁ ወረወረ።

ግልገሏ ተጠቅልላ ተያዘች። እናቲቱ እግራቸው ሥር እየተሽከረከረች ውኃውን ስታተራምሰው አጥማጆቹ ሁሉ ተሯሩጠው መረቡን በቢላ ቀደዱት። ግልገሏ በሕይወት ወጣች፤ የጀርባ ክንፏን ግን የመረቡ ገመድ ጫፉን ሸርፎታል። እናትና ልጅ ወደ ጥልቁ ሄዱ። ሰዎቹ እያለከለኩ ቆሙ።

"ተው ስልህ አልሰማህም?" አለ ቆፍጣናው።

"አልሰማሁም" አለ ፍልቅልቁ። ያን ጊዜ እንኳ እንደ ፈገግታ ያለ ነገር ፊቱ ላይ ነበር።

"ከዚህ እዚህ? ገበያ ያሉት ሰምተዋል እኮ!"

"ሙት ወንድም ጋሼ፣ አልሰማሁህም።"

"ውሸታም!" አለው፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት። "መስማት ስላልፈለግህ ነው። ሁሌም እንዲሁ ነህ። ከዛሬ ወዲያ ድምፅህን እንዳታሰማኝ! እኔም አላሰማህም!"

ነገሩ በዚያ በረደ ሲባል ሳይበርድ ቀረ። አስታራቂ ተላከ፤ ቆፍጣናው "መጀመሪያ ዋሸሁ ይበል" አለ። ፍልቅልቁ ደግሞ ያልዋሸውን ዋሸሁ ሊል አልቻለም። አስታራቂዎቹም ሰለቻቸውና ተዉአቸው። ቦታ መቀየር ግን ሁለቱም አልፈለጉም። የአባት ቦታ ነዋ።

ግልገሏ አደገች። ክንፏ በተሸረፈ በሁለተኛው ዓመት ከእናቷ ጋር ወደ ሰርጡ ተመለሰችና ሥራ ጀመረች፤ አጥማጆቹ ሸራፋ አሏት። ያቆሰላት የማን መረብ እንደነበር ታውቅ ይሁን አታውቅ አንድዬ ይወቅ። አንድ ቀን ለቆፍጣናው፣ በማግሥቱ ለፍልቅልቁ ዓሣ ታመጣለች፤ ለሁለቱም እኩል። በሰልፉ ውስጥ ወሬኛው የሚሉት አጥማጅ ነበር፤ "አስታራቂ ያቃተውን እሷ ይዛዋለች፤ አፍ ቢኖራት ይኼኔ ታርቀው ነበር" እያለ ይስቅባቸዋል።

የቆፍጣናው ሚስት ቀደም ብላ አርፋለች። አንድ ልጅ አለችው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የባሕር እንስሳት አጥንታ፣ ዶልፊኖች ስለሚያሰሙት ድምፅ ለመመራመር ተመልሳ መጣች። ውኃ ውስጥ የሚገባ ማይክሮፎን፣ ላፕቶፕና አንዲት ትንሽ ጀልባ ነበራት። ጠዋት ጠዋት ከሰልፉ ራቅ ብላ መልሕቋን ትጥልና ስትቀዳ ትውላለች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አባቷን ወጥ ቤት ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገችለት።

"ይቺ ሸራፋ ናት" አለችው።

ቀጭን ፉጨት ሰማ። ወደ ላይ ወጣ፣ ጎበጥ አለ፣ ከዚያ ሁለቴ ቁልቁል ወረደ።

"ምን እያለች ነው?"

"ስሟን። ማለቴ፣ ስም ልንለው የምንችለውን ነገር። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፉጨት አላቸው። 'እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ' እንደማለት ነው።"

"ማን አወጣላት?"

"ራሷ። ገና ግልገል እያለች።"

"የእኛን ስም መልአክ ያወጣዋል ይባላል" አለ ቆፍጣናው፤ "እነሱ መልአኩንም አላስቸገሩት።"

ልጁ ከት ብላ ሳቀች። አባቷ ሲቀልድ የምትሰማው በዓመት አንዴ ነው።

"አሁን ደግሞ ይኼን ስማ። ይቺ እናቷ ናት። የራሷን ፉጨት አይደለም የምታሰማው፣ የልጇን ነው። እየጠራቻት ነው።"

ያው ፉጨት ትንሽ ወፈር ብሎ ተሰማ። ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ከሩቅ፣ ያው ፉጨት ቀጠን ብሎ መለሰ።

"አቤት አለች" አለ ቆፍጣናው።

"አዎ፣ አቤት አለች። ደግሞ አይረሱም አባዬ። አብረው ኖረው ከተለያዩ ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ የጓደኛቸውን ፉጨት ሲያሰሟቸው ያወቁ አሉ።"

ማዳመጫውን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ታዲያ እኛ በምንድነው የምንበልጣቸው?" አለ።

"መብለጣችንን እንኳ አላውቅም። በውኃ ውስጥ በድምፅ ብቻ የሚያዩትን እኛ በዓይናችን አናየውም። ግን እስከዛሬ ስለ ትናንት ሲያወሩ የሰማ ሰው የለም። 'ያን ጊዜ እንዲህ ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው' ማለት መቻላቸውን አናውቅም። ሰው ይችላል።"

"ሲጣሉስ?"

"ይነካከሳሉ። ሰውነታቸው ላይ የምታየው ጭረት ሁሉ የጥርስ ነው። በኋላ አንዷ ትመጣና ክንፏን ሌላዋ ላይ ታሻሻለች፤ አብረው ይዋኛሉ።"

"ምንም ሳይባባሉ?"

"የተባባሉት ነገር ቢኖርም አልደረስንበትም።" ልጁ አባቷን ቀና ብላ አየችው። "አንተ ግን ቃል አለህ አባዬ።"

ቆፍጣናው ተነሥቶ የጠጣበትን ብርጭቆ አጠበ። ንጹሕ ከሆነ በኋላም ማጠቡን ቀጠለ።

ያን ሌሊት ሲገላበጥ አደረ። በማግሥቱ ወደ ሰርጡ ሲደርስ ወንድሙ ቀድሞት ውኃ ውስጥ ቆሟል፣ ጀርባውን ለዳርቻው ሰጥቶ። ቆፍጣናው ውኃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ እናታቸው ብቻ ትጠራው በነበረው በቤት ስሙ ጠራው።

ፍልቅልቁ አልዞረም።

ደግሞ ጠራው። በሰልፉ ያሉት ሁሉ ዞሩ። መረብ የሚያጣጥፉት እጆች ቆሙ። ለሦስተኛ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራው፤ ግድቡ ላይ የነበሩት ወፎች ተነሡ። ወንድሙ እንደቆመ ነው፣ ዓይኑ ጥልቁ ላይ። ትከሻው እንኳ አልተነቃነቀም።

"ተወው፣ ወንድምህ እኮ ደንቁሯል!" አለ ወሬኛው፤ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ቆፍጣናው ፊቱ ደም ለበሰ። ወደ ቦታው ሄዶ ቆመ። በአጠገቡ ሲያልፍ ፍልቅልቁ እንደ ወትሮው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ የመሰለ ነገር አሳየው። ይህን በየጠዋቱ ያደርገዋል፤ ቆፍጣናው ደግሞ ሁሌም ፊቱን ያዞራል። ያን ቀን ግን ምራቁን ውኃው ላይ ተፋ። የሰው መሳቂያ አድርጎኝ፣ አለ በልቡ፣ አሁን ደግሞ ይስቅብኛል። ልጁ ሰሞኑን ለስብሰባ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ሄዳ ነበር። ስትመለስም ስለ ጉዳዩ አላነሣላትም።

ነፋሱ ሲቀዘቅዝ አንድ ጠዋት በጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። በማግሥቱም ባዶ ነው። ከወሬኛው እንደሰማው ፍልቅልቁ ሚስቱን ይዞ ከባሕሩ ርቆ ወዳለው የሚስቱ ከተማ ገብቷል፤ መረቡንም ለሌላ ሰው ሰጥቷል። ሸራፋ ግን ይህን የነገራት የለም። መንጋውን እየነዳች ወደ ባዶው ቦታ ታመጣና ምልክቱን ትሰጣለች። ማንም አይወረውርም። ትጠብቃለች፣ እንደገና ጭንቅላቷን ጧ ታደርጋለች። ዓሣው ይበተናል።

ቆፍጣናው ይህን ማታ ራት ላይ ለልጁ ነገራት። ሊነግራት የፈለገው ስለ ዶልፊኗ ነበር። እሷ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አባዬ፣ አጎቴ አይሰማም።"

"እኔንማ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል።"

"እንደሱ አይደለም። ጆሮው አይሰማም። ደንቁሯል።"

ቆፍጣናው የወሬኛው ቀልድ እሷም ዘንድ የደረሰ መስሎት ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ዘጋው።

ነገሩን ነገረችው። ለአባቷ የዶልፊኖቹን ድምፅ ካሰማችው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ አጎቷን ጀልባዋ ላይ አውጥታ ማዳመጫውን አድርጋለት ነበር። ፍልቅልቁ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ራሱን ነቀነቀ። "እንዴት ደስ ይላል! እንዴት ያለ ጥዑም ድምፅ ነው!" አለ እየሳቀ። ማዳመጫውን ስትቀበለው ገመዱ ከላፕቶፑ ወጥቶ የጀልባዋ ወለል ላይ እንደተኛ አየች። ባዶ ጸጥታ ነበር ሲያዳምጥ የቆየው። እሱም ዓይኗን ተከትሎ ገመዱን አየ፤ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ላይ ወረደ።

"ቀስ በቀስ ነው የጠፋው አለኝ። ያኔ ግልገሏ በተያዘች ጊዜ አንደኛው ጆሮው ከነጭራሹ ሄዶ፣ ሌላውም እየሄደ ነበር። ሰርጡ ውስጥ መርከብ ያልፋል፤ ጡሩንባ የማይሰማ ሰው ውኃ እንዲገባ የአጥማጆቹ ማኅበር አይፈቅድም። ስለዚህ ደበቀው። ዶልፊኗ ምልክቷን የምትሰጠው በጀርባዋና በጭንቅላቷ ነው፣ ይታያል፤ በዓይኑ ሠራ። ሰው ሲናገረው ይስቃል፣ ምን እንዳሉት ስለማያውቅ። 'ለአባትሽ እንዳትነግሪ፣ ይቺን ዓመት ብቻ ልጨርስ' ብሎ አስማለኝ። ባለፈው አንድ ጀልባ ሊገጨው ሲል ለጥቂት ተረፈ፤ ሚስቱ በቃ ብላ ይዛው ሄደች።"

"ማልሽ" አለ ቆፍጣናው።

"ማልሁ። ምን ላድርግ?"

"እኔ ጠርቼው ነበር።"

"መቼ?"

"አንቺ ስብሰባ ላይ ሳለሽ። ሰው ሁሉ ፊት፣ ሦስቴ ጠራሁት።"

ልጁ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?"

ቆፍጣናው ራቱን ሳይበላ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ቆፍጣናው አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ወንድሙ ሄደ። ፍልቅልቁ የሚኖረው ከአንድ የብስክሌት መጠገኛ ሱቅ በላይ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ደረጃው ጠባብ ነበር፤ ከሱቁ የጎማ ሽታ ይመጣል። በሩን የከፈተችው የወንድሙ ሚስት ናት። አየችውና በሩን ገርበብ አድርጋ አሳለፈችው።

ፍልቅልቁ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሲያየው ብድግ ብሎ፣ አንቆ አቀፈው። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ይጮኻል።

"ወንድም ጋሼ! መጣህ? እንዴት መጣህ? ሸራፋ ደኅና ናት?"

ቆፍጣናው አፉን ከፈተ። መንገዱን ሁሉ ሲያዘጋጀው የመጣው ንግግር ነበረ። "አንተ አልዋሸህም፣ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ" የሚል። ሚስትየው ስልኳን ይዛ በመካከላቸው ቆመች።

"የከንፈሬን ያነባል፣ ስለለመደኝ። የሌላ ሰው ግን አይገባውም" አለች። "ምን ልጻፍለት?"

ቆፍጣናው አያት። ፊት ለፊት መናገር ያቃተውን፣ በእሷ ጣት አስጽፎ፣ በእሷ ዓይን ፊት እንዴት ይበለው?

"ሸራፋ ወልዳለች በይው" አለ።

ጻፈችው። ፍልቅልቁ አንብቦ በሳቅ ፈነዳ፤ ጉልበቱን መታ። ከዚያማ ቀኑ በዓሣ ወሬ አለቀ። ስለ ነፋሱ ተጠየቀ፣ ስለ ግድቡ፣ ወሬኛው አሁንም ያወራ እንደሆነ። ሚስትየው ትጽፋለች፤ አንዳንዴም ሁለቱ ወንድማማቾች ስልኩን ትተው በእጅ ይግባባሉ። ውኃ ውስጥ የለመዱት ምልክት ነበራቸው፤ ቆይ፣ ወርውር፣ ወደ ግራ፣ ብዙ ነው፣ ባዶ ነው። ሊነግረው ለመጣው ነገር ግን ምልክት አልነበረም። አባታቸው ያንን አላስተማራቸውም።

ወደ ማታ ፍልቅልቁ እስከ መናኸሪያው ሸኘው። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል፣ "ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ እውነቴን ነው፣ አልሰማሁህም ነበር" አለው በዚያ በሚጮኸው ድምፁ። መንገደኞቹ ዞር ዞር አሉ። ቆፍጣናው ራሱን ነቀነቀ። ፍልቅልቁ ጎንበስ ብሎ የወንድሙን ሻንጣ ከመሬት ሲያነሣ፣ ያን ጊዜ፣ ፊቱ ወደ ታች ሳለ፣ ቆፍጣናው "ይቅር በለኝ" አለ።

ፍልቅልቁ ቀና ብሎ ሻንጣውን አቀበለው። ፈገግ አለ።

ቆፍጣናው መንገዱን ሁሉ ራሱን ሲወቅስ ሄደ። ጊዜውን መርጦ እንደተናገረ ያውቃል። ወንድሙ ፊቱን በሚያይበት ሰዓት፣ ወይም ሚስትየው ስልኳን በያዘችበት ሰዓት ሊለው ይችል ነበር። በሚቀጥለው ስመጣ፣ አለ። የዓሣው ወቅት ይለፍና እመጣለሁ።

ወቅቱ ሳያልፍ ፍልቅልቁ አረፈ። ልቡ ነው አሉ፤ መስኮቱ አጠገብ እንደተቀመጠ። ቆፍጣናው ከልጁ ጋር ሄዶ ቀበረው። ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ከሐዘን ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ልጁ ታች ሱቁ በር ላይ ስትጠብቀው፣ ከወንድሙ ሚስት ጋር ሁለቱ ብቻ ቀሩ። እሷ የወንበሮቹን አቀማመጥ ታስተካክላለች፤ እሱ በሩ አጠገብ ቆሟል።

"አንድ ነገር ልነግረው ፈልጌ ነበር" አላት።

"አውቃለሁ። የመጣህ ዕለት ፊትህ ላይ ነበር። ስልኩን ይዤ ስጠብቅህ ዋልሁ።"

"ይቅርታ ልለው ነበር። ውሸታም ስላልኩት። ይቅር ይለኝ ነበር?"

"እሱ?" ወንበሩን ለቀቀች። "እሱ መቼ ተቀይሞህ ያውቃል! 'ወንድም ጋሼ ቆጣ ይላል እንጂ ይወደኛል' ነበር የሚለው። ከውኃ ሲመለስ 'ዛሬ ሰላም አልኩት፣ ነገ ሰላም ይለኛል' እያለ ነው የሚገባው። በየቀኑ። ጆሮ ያለኝ እኔ ነበርኩ። ገበያ ስትሄድ ስለ እሱ የተናገርከውን፣ 'ወንድም የለኝም' ያልከውን የሰማሁት እኔ ነኝ። እሱ አልሰማም፤ እኔም አልነገርኩትም። የተቀየምኩህ እኔ ነኝ።"

ቆፍጣናው ይህን አላሰበውም ነበር። እነዚያን ቃላት ሲናገር ይሰማል ብሎ ያሰበው ወንድሙ እንጂ እሷ አልነበረችም። ወደ እሷ ቀረብ ብሎ፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ "ይቅር በይኝ እህቴ" አላት። ድምፁ ተቆራረጠ፤ ግን አለው።

እሷ የለቀቀችውን ወንበር ወደ ግድግዳው አስጠጋች። ከሱቁ የብስክሌት ሰንሰለት ሲሽከረከር ይሰማል።

"አሁን አልችልም" አለች በመጨረሻ። "ላስብበት። ሌላ ጊዜ ና።"

በወሩ ተመልሶ ሄደ። በሩን ከፈተችለት፣ ሻይ አቀረበችለት፣ ስለ ጤናው ጠየቀችው። ያንን ጉዳይ አላነሣችም፤ እሱም አላስቸኮላትም። አሁንም በየወሩ ይሄዳል።